ለእንግዳ የዘገየው ድምፅ

ረቡዕ፣ ጥር 14 ቀን 2006 ዓ.ም.

«ምነው ይኸ ማኪና? ከማን ጋር ተጣልቶ ነው እንዲህ የሚለፈልፍ?» አሉ የትምህርት ቤታችን ዘበኛ አያ ሞላ፣ ጠዋት በመስኮት በኩል። አመንኳቸው። ለእኛ ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብልን ኮምፒውተር ነው። በለመድኩት ፍጥነት ሲናገር አንድ ቃል አያመልጠኝም፤ ዓይን ላለው ሰው ግን ጠብ ይመስላል። ዛሬ ደግሞ እንግዳ እጠብቃለሁ፤ እንግዳን በጠብ መቀበል ነውር ነው። ስለዚህ አያ ሞላ «አሁን ሸጋ ሆነ፤ እንደ አገር ሽማግሌ ይናገራል» እስኪሉ ድረስ አዘገየሁት።

እንግዳው የፈተና ኃላፊው ናቸው። ተማሪዬ ዘይነባ ማትሪክን በዚህ ኮምፒውተር እንድትፈተን ይፈቅዱ እንደሆነ ሊያዩ መጡ። አንድ ጥያቄ አስነበብኩላቸው። ድምፁ ጨዋ ነበር፤ እኔን ራሴን መሐል ላይ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር።

«መምህር፣» አሉኝ፣ «በዚህ አነባበብ ልጅቷ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሳለች ወረቀት ይሰበሰባል እኮ!»

ደንግጬ ወደ ራሴ ፍጥነት መለስኩት።

«ይኼ ደግሞ በምን ቋንቋ ነው?» ብለው ሳቁ። ውሳኔውን ሰኞ እነግርሃለሁ ብለው ሄዱ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ባጃጁን ትቼ ከፒያሳ እስከ ቁስቋም በእግሬ መጣሁ። በመንገድ ላይ ለኃላፊው የሚሆን ስንት ጥሩ መልስ መጣልኝ! ቤት ስደርስ ደግሞ ሁሉም ጠፋኝ። እስከ ሰኞ ድረስ ምን እያደረግሁ እንደምቆይ እንጃ።

ዘይነባ ከእኔም አፍጥና ነው የምታዳምጠው። ዛሬ እዚያው ጎናችን ካለው ክፍል ትምህርት ላይ ነበረች፤ ሰምታ እንድታሳያቸው የጠራት የለም።