ከጀልባዋ ሆድ የወጣው ቆርቆሮ

ለወንድሜ ለአብራር ሱሌማን፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ከርመሃል? ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ ወይስ የደሴ ብርድ አባሰብህ? ሰአዳና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ባሮም ጎድሎ ወደ ልኩ ተመልሷል። ሰላምታዬ እዚህ ላይ ይብቃ። በስልክ ልንገርህ ብል ቀድመኸኝ ትጮሃለህ፤ ወረቀት አይቋረጥምና ቁጭ ብለህ አንብበው።

ነሐሴ ላይ አባባ ማሽላ ጭኖ ወደ ኢታንግ ሲወርድ ጀልባዋ ከሥሯ ተሰንጥቃ መስጠሟን ታውቃለህ። እሱንም ሰው ጎትቶ አወጣው እንጂ አልቆልን ነበር። አንተ በዚያው ሳምንት «ዓይኑ ደክሟል፣ ከድንጋይ ጋር አላትሟት ነው» እያልክ ለዘመድ ሁሉ ደወልክ። ሰፈሩም አመነህ። አርባ ዓመት ባሮ ላይ ሸራ የዘረጋ ሰው፣ ዛሬ አንድ ኩንታል የሚያስጭነው ጠፋ። ገበያ ሲሄድ እንኳ ወንዙን ላለማየት በጓሮ ይዞራል።

ውሃው ሲጎድል ጀልባዋን ጎትተን አውጥተን ግቢ አስገብተን ገለበጥናት። ሊጠግናት የመጣው ኩዋኒ ነው፣ ያ ከአባባ ጋር ጀልባ ሲሠራ ያረጀው አናጢ። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄዶ ጎኗን ሁሉ የሚሸከመውን የታችኛውን ግንድ ሊቀይር ሬንጁን ሲፍቅ መሮው ብረት መታ። የዘይት ቆርቆሮ በጣሪያ ምስማር ተመትቶበታል! ቆርቆሮውን ስናነሳው ግንዱ ክንድ እስኪያስገባ በስብሷል፤ ጉድጓዱም ሰጋቱራ በሙጫ ተጠቅጥቆበታል።

አባባ እዚያ ግንድ ላይ ብረት አያስመታም። «ብረት ይዝጋል፣ እንጨቱንም ይበላዋል» እያለ በእንጨት ችንካር ብቻ ነው የሚያያይዘው፤ ይህን ደግሞ አንተም ታውቃለህ። አምና ልትሄድ ስትል «አድሼላችሁ ነው የምሄደው» ብለህ ሦስት ቀን ማንንም ሳታስጠጋ የሠራሃት አንተ ነህ። ግንድ መርጦ ማስቆረጥ ወር ይፈጃል፣ አንተ ደግሞ ቸኩለሃል። መበስበሱን አይተህ ሸፈንከው፤ አባትህን ላዩ ላይ አስቀምጠህ ሄድክ። ኋላም ዓይንህን በጨው አጥበህ ጥፋቱን ለሱ ሰጠኸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!

ይህም ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ባልኩ ነበር። አባባ ቆርቆሮው ሲወጣ ሲያይ ነበር። ቀስ ብሎ መጥቶ ምስማሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ከዚያ ለኩዋኒ «እኔ ነኝ የመታሁት፣ ረስቼው ነው» አለው። ኩዋኒ አርባ ዓመት አብሮት ሠርቶ እንዴት ያምነዋል? እኔ «ውሸት ነው!» ብዬ ብጮህ አባባ «ዝም በይ ጦይባ፣ ልጄን በሰው ፊት አታዋርጂብኝ» አለኝ። አሁን ሰፈሩ ዓይኑ ብቻ ሳይሆን ጭንቅላቱም ሄዷል ይላል።

አዲሱ ግንድ ገብቷል፤ አንድ ምስማር የለበትም። የቀረው ያንተ ሥራ ነው። ለነገርካቸው ዘመዶች ሁሉ በየተራ ደውለህ ያደረግኸውን ተናገር። እስክትናገር ድረስ እህት አለኝ አትበል። ቆርቆሮውን ከነምስማሩ በማዳበሪያ ጠቅልዬ ልኬልሃለሁ፤ ሱቅህ በር ላይ ስቀለው።

ሰአዳን ሰላም በልልኝ፣ እሷ ምን አጠፋች። ትንሿን ሳሚያን ሳምልኝ። ኩዋኒን ሰላምታ ልጻፍልህ ወይ ብለው ጀርባውን ሰጥቶኝ መሮውን መሳል ጀመረ። ከኔም ላንተ የለም። ከላይ ስለ ወገብህ የጠየቅሁህም እኔ አይደለሁም፤ አባባ «አደራ እሱን ሳትጠይቂ እንዳትጀምሪ» ብሎኝ ነው።

ጦይባ ሱሌማን
ጋምቤላ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.