ከሽማግሌ ፊት አልተሰለፍኩም፣ አባዬ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣ ለአቶ ክፍሉ፤ ጅቡቲ።

አባዬ፣ እንደምን ከረምክልኝ? ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ ሳልህስ ለቀቀህ? የዚያ አገር ሙቀት ከድሬም ይብሳል ሲሉ እየሰማሁ፣ እንቅልፍ አግኝተህ ታድር ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ምግቡስ ተስማማህ? ወንድሜ ሰይፉ «አባዬ ዓሣ መብላት ጀምሯል» ብሎ ሲነግረኝ አላመንኩትም። እማዬ ነፍሷን ይማርና፣ ስንቴ ለምናህ እምቢ ያልካትን! እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው፣ ጎረቤቱም ደህና ነው፣ ጓሮ ያለው ሎሚህም በዚህ ሁሉ ፀሐይ አልደረቀም። የጎደለው ያንተ ድምፅ ብቻ ነው።

በደብዳቤ ላይ አባትን አንቱ ማለት ወግ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ሁሉ አንተ በሚባባልባት ድሬ አሳድገኸኝ ዛሬ በወረቀት አንቱ ብልህ የሌላ ሰው አባት የምጠራ ይመስለኛል። ስለዚህ እንደለመድኩት ልቀጥል። ዓይንህ ስለደከመ ሰይፉ እንደሚያነብልህም አውቃለሁ። ሰይፉዬ፣ ቀስ ብለህ አንብብለት፤ የሚያስቀይመው ቦታ ላይ ስትደርስም እንዳትዘል።

የምጽፈው ባለፈው በስልክ ስለተናገርከኝ ነገር ነው። «ልጄ ከሽማግሌ ፊት ትሰለፋለች ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም» አልክና ስልኩን ለሰይፉ ሰጠኸው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ወይ ተኝተሃል ወይ ውጭ ወጥተሃል ይሉኛል። የነገረህ ጓደኛህ ጋሽ ገብረወልድ መሆኑ ገብቶኛል። አልተቀየምኩትም፣ አንተም በኋላ ምክንያቱን ትሰማለህና አትቀየመው። ነገሩ ግን እንደሰማኸው አይደለም።

የምሠራበትን የሕፃናት ማቆያ ታውቀዋለህ፤ መጋላ ሠፈር ውስጥ ያለውን፣ አንተ «የጫጩት ቤት» የምትለውን። እናቶቹ ጠዋት ልጆቻቸውን ለእኛ ሰጥተው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ከፍ ከፍ ያሉትን ፊደል የማስቆጥራቸው እኔ ነኝ። ገና ዳዴ የሚሉትንና መሄድ የጀመሩትን የምትይዘው ደግሞ ፋዱሞ ናት። አንድ ጊዜ አይተሃታል፤ ረዘም ያለች፣ ሳቋ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሱማሌ ሴት። ሕፃናቱን በሙሉ «ሆዮ» ነው የምትላቸው። በእነሱ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ አሳዳጊዋ ሕፃኑን መልሳ እናቴ ብላ ስትጠራው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ኮሮና ጋብ አለ ተብሎ ከተከፈትን ጀምሮ ትዕዛዝ ብዙ ነበር። እጅ ታጠቡ፣ ማስክ አድርጉ፣ ርቀት ጠብቁ። እጃችንን እንታጠባለን፣ ማስኩንም እናደርጋለን። ርቀቱን ግን እንዴት አድርገን? የሁለት ዓመት ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ ራቅ ብሎ ቆሞ አይዞህ አይባልም። ንፍጡን እንጠርጋለን፣ ትውከቱን በእጃችን እንቀበላለን። እንቅልፍ ሲመጣበት ደግሞ አፍንጫውን አንገታችን ሥር ወሽቆ ነው የሚተኛው። አያን የምትባል አንዲት ተንኮለኛ አለች፤ ማስኩን ጎትታ አውልቃ ፊታችንን ካላየች አትበላም።

መጋቢት ላይ ፋዱሞ ታመመች። መጀመሪያ ሙቀቱ ነው አለች። ቀጥሎ ድካም ነው አለች። አንድ ጠዋት ግን ሕፃን ከመሬት ልታነሳ ጎንበስ ብላ ቀና ማለት አቃታት፤ ሮጬ ልጁን ተቀበልኳት። ከንፈሯ ሌላ መልክ ነበረው። ሆስፒታል ወስደናት ኦክስጅን ላይ ሆነች፤ ማቆያውም ተዘጋ።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ሥር ያለው፣ አባዬ። የአያን እናት ዱኒያ ነርስ ናት፤ የምትሠራውም ፋዱሞ በተኛችበት ክፍል ነበር። እኛ ስንዘጋ አያንን የሚይዝላት ጠፋ። ቤት ያሉት እናቷ አዴ ሃዎ ናቸው፤ አርጅተዋል፣ አስምም አለባቸው። ሕፃኗ ከፋዱሞ ደረት ላይ የዋለች ስለሆነች በሽታውን ይዛባቸው ትገባ ይሆን ብላ ዱኒያ ፈራች። እናቷን ዘመድ ቤት ልካ እሷ ከልጅቷ ጋር ቤት ተቀመጠች። በስልክ እያለቀሰች፣ «ሶፊ፣ ፋዱሞ እዚያ ተኝታ ኦክስጅኗን የሚያይላት ሰው አንሶ ሳለ፣ እኔ እዚህ ገንፎ አገነፋለሁ» አለችኝ። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

ፋዱሞን ፈጣሪ አተረፈልን። ከስታ፣ ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ከበሩ እስከ አልጋዋ ለመድረስ መሐል ላይ እየቆመች፣ ግን በሕይወት ወጣች።

ብዙም ሳይቆይ ጤና ጣቢያው ክትባት ሊሰጥ የሠፈሩን ሰው ሰበሰበ። ተራው ተነገረ፤ መጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎችና የቆየ ሕመም ያለባቸው። ዱኒያ ብድግ አለችና፣ «ልጆቻችንን የሚይዙትስ?» አለች። ይኼኔ ባጃጅ ነጂው አብዱላሂ ከኋላ ተነሣ። «እኔስ አቦ? ወላሂ፣ የሚያስነጥሰው ሁሉ የሚያስነጥሰው እኔ አንገት ላይ ነው!» ሲል ሰዉ ሳቀ። ታይዋን ገበያ ልብስ የሚሸጥ አንድ ሰው ደግሞ፣ «እነሱ ወጣት ናቸው፣ ወጣት ምንም አይሆንም» አለ። ከፋዱሞ አልጋ አጠገብ መጥቼ ይህን ስሰማ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ተነሣሁ።

ያልኩትን ቃል በቃል ልንገርህ። «አዴ ሃዎ ከኔ ይቅደሙ። ጋሽ ገብረወልድም ከኔ ይቅደም፤ አባቴም እዚህ ቢኖር ከኔ ይቀድም ነበር። ከእነሱ ቀጥሎ ግን ልጅ አቅፈው የሚውሉትን አስቡ። ባለሱቁ ደንበኛውን ከበር ላይ ቁም ሊለው ይችላል። አብዱላሂም የባጃጁን መጋረጃ ሊገልጥ ይችላል። እኛ ግን ሕፃን አላቅፍም ማለት አንችልም። እኛ በታመምን ጊዜ ደግሞ ነርሷም ቤቷ ትቀራለች።» አልኩና ተቀመጥኩ። ሲያልቅ አንዷ እናት «ቅድሚያ ለመምህራን!» ብላ ጮኸች፣ ሌሎቹም ተቀበሏት፣ ግቢው ተደበላለቀ። ጋሽ ገብረወልድ እዚያ ማዶ ለክትባት ተሰልፎ ነበር። ዞር ስል ሰልፉን ጥሎ በበሩ ሲወጣ አየሁት። አንተ ጆሮ የደረሰው እንግዲህ ያ ጩኸት ነው።

የጤና ጣቢያዋ ኃላፊ ወጣት ልጅ ናት። «ተራውን የማወጣው እኔ አይደለሁም፤ ጥያቄያችሁን ግን ለሚመለከተው አደርሳለሁ» አለችን። ሰዉ ከተበተነ በኋላ ጠጋ ብላ፣ «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ክትባቱ አለ፤ የጠፋው ክንድ ነው» አለችኝ። ለካ የተከተበ ሰው ዕድሜው ያጥራል የሚል ወሬ ተነዝቶ ሽማግሌዎቹ መምጣት ትተዋል። ይህን ለፋዱሞ ስነግራት ከአልጋዋ ቀና አለች። «እነሱ ሳይከተቡ እኛ ተራችንን ብንለምን ምን ጥቅም አለው? ነይ፣ እናምጣቸው» አለችኝ።

አብዱላሂን ለመንነው። ሰዉን ሁሉ ያሳቀው እሱ ነበር ያዘነልን፤ ባጃጁን ይዞ መጣ፣ ሂሳብም አልተቀበለም። የቀጠርነው ቀን ዝናብ ጥሎ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ነበር፣ በድልድዩ በኩል ዞረን እየተመላለስን በየቤቱ ገባን። ፋዱሞ አንዱ ቤት በሱማሌኛ፣ ሌላው ቤት በኦሮምኛ፣ እኛ ሠፈር ስትደርስ በዚያ በሚጣፍጥ አማርኛዋ ትለምናለች። አንዳንዱ ቤት በሩን ዘጋብን። አንዳንዱ ውኃ አጠጥቶ፣ መርቆ፣ አልመጣም አለ።

አዴ ሃዎ ከዘመድ ቤት ተመልሰው ነበር፤ «እኔ ከእንግዲህ ምን ቀረኝ? ለልጆቹ ይሁን» አሉ። ፋዱሞ አልተከራከረቻቸውም። አጠገባቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ወስዳ ደረቷ ላይ አደረገችው፤ ትንፋሿ እንዴት እንደሚቆራረጥ እንዲሰሙት። «አያን በየማታው ወደዚህ ቤት የምትመጣው ከኔ ደረት ላይ ተነስታ ነው። ለልጆቹ ካሰብሽ ለልጆቹ ብለሽ ተወጊ፣ ሆዮ» አለቻቸው። አሮጊቷም ሻሻቸውን አስተካክለው፣ «ባጃጁ ውስጥ ከማን ጎን ነው የምቀመጠው?» አሉ።

ቀጥሎ ጋሽ ገብረወልድ ቤት ብቻዬን ገባሁ። ሲያየኝ ደነገጠ። ስለ ስልኩ ምንም ሳላነሣ፣ ላደርስህ ነው የመጣሁት አልኩት። «ሶፊ፣ ከሰልፉ የወጣሁት በናንተ ጩኸት አይደለም። ፈርቼ ነው። ለክፍሉ ፈራሁ ማለት አፈርኩና ልጆቹ ገፉኝ አልኩት» አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን በዚያ በረሃ ባቡር ሲነዳ የኖረው ሰው፣ አባዬ፣ መርፌው ሲመጣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እጄን እንደ ልጅ ጨበጠኝ። እኔ ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ ብሎኝ ነበር፤ እስካሁን ካልደወለ አፍሮ ነው። እባክህ እንዳታሾፍበት።

ወደ ማታ ላይ የሚመጣ ሰው አለቀ። አንድ ብልቃጥ ግን ተከፍቶ ነበር፣ ከተከፈተ ደግሞ ለነገ አይቆይም፣ ይደፋል። ኃላፊዋ ወጣ ብላ ማን ቀረ ስትል፣ ተከትበው አግዳሚው ላይ ያረፉት ሽማግሌዎች እርስ በርስ ተያዩ። «እነዚህ ልጆች ይወጉ» ያሉት አዴ ሃዎ ናቸው። እንዲህ ሆኖ ነው እኔና አብዱላሂ የተከተብነው፤ ከሁሉም በኋላ፣ ሊደፋ ከነበረው። ፋዱሞን ግን ሕመሙ ገና በቅርቡ ስለሆነ ትንሽ ትቆይ አሏት። ነገሩ ሁሉ የተነሣው በእሷ ነበር፤ እሷ ባዶ እጇን ተመለሰች። «ተራ እንጂ ዕድሜ መች ከለከሉኝ» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።

እኔን ያን ቀን ትኩሳት ቢጤ ያዘኝ፣ ክንዴም ከበደኝ፣ ሌላ ምንም አልሆንኩም። ለጥያቄያችንም ሰሞኑን መልስ መጥቷል፤ መምህራን በሚቀጥለው ዙር ይገባሉ ተብሏል። ደስ አለን። ግን እንደ ፋዱሞ ያሉ ሞግዚቶች መምህር አይደሉምና አይጨምራቸውም አሉ፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የሚቆም ብቻ ነው የተቆጠረው። ዱኒያ እንደገና አቤት እያለች ነው፣ እኔም አብሬያት እሄዳለሁ። በዚህ ብትቆጣኝ እንኳ እሄዳለሁ፣ አባዬ።

አሁን ደግሞ እኔ ልቆጣህ። ሰይፉ እንደነገረኝ እዚያም ለሽማግሌዎች ክትባት እየሰጡ ነው፤ አንተ ግን «ለወጣቶቹ ይሁን» ብለህ እንቢ ብለሃል። ከሽማግሌ ፊት ቀደምሽ ብለህ ስትወቅሰኝ ለካ አንድ ሽማግሌ በእርግጥ ቀድሜያለሁ፤ እሱም አንተ ነህ። እኔ አልቀደምኩህም፣ አንተ ነህ ወደኋላ የቀረኸው። እማዬን በዚሁ በሽታ ስናጣት መድኃኒቱ ገና አልነበረም ብዬ ተጽናናሁ። ላንተ ግን አለ፣ እደጅህ ድረስ መጥቷል። እንቢ ብለህ አንድ ነገር ብትሆንብኝ ምን ብዬ ልጽናና?

ማቆያው ተከፍቷል። ፋዱሞም ሰኞ ተመለሰች፣ ለጊዜው ቁጭ ብላ ብቻ እንድትሠራ ተስማምተን። ሕፃናቱ ከስታባቸው መጀመሪያ አላወቋትም። አያን በሩቁ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ሄዳ ማስኳን ጎትታ አወለቀችና ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ሆዮ» አለቻት። እኔ ወደ ጓሮ ወጣሁ፣ ልብስ የማወርድ መስዬ።

ለኑሀሚን፣ ለመልካሟ የወንድሜ ሚስት፣ የእህት ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እንደ አባቷ ስለምትይዝህ ፈጣሪ ይክፈላት። ሕፃኑን ሁለቱንም ጉንጩን ሳምልኝ፣ ሲያነጥስብህ ግን አትሳቅለት። ጋሽ ገብረወልድ፣ ናፍቆኛል በይልኝ ብሎሃል። ፋዱሞ በደንብ ሳታውቅህ ጸሎት ታደርግልሃለች። ሰይፉ ወንድሜ፣ አንተ ደህና ሁንልኝ፤ ይህን አንብበህ ስትጨርስ ምንም አትናገር፣ የአባዬን ጫማ አምጥተህ እግሩ ሥር አቅርብለት።

የምትወድህ ልጅህ
ሶፊ ክፍሉ

ድሬዳዋ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፲፫ ዓ.ም.