በካሊፐር የተለካ ጥርስ

ኅዳር 12። የልጄን የኋላ የወተት ጥርስ የነቀልኩት እኔው ነኝ።

እትዬ፣ እንዴት ከረምሽ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ፈቀደልሽ? ጋሼንስ ሳሉ ለቀቀው? እኛ ደህና ነን፤ እኔም ወገቤን እየያዝኩ እሠራለሁ።

ባለፈው «የወተት ጥርስ አይደል፣ ምን ሐኪም ያስፈልገዋል?» ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔም እንዳንቺው ነበርኩ። ጥርሱ ተቦርቡሮ መነቃነቅ ሲጀምር፣ አባታችን እንደሚያደርገው በክር ጎትቼ አወጣሁት። ድዷ አብጦ ሐኪም ቤት ብወስዳት፣ ሐኪሟ እብጠቱን ትታ ስለ ባዶው ቦታ ታወራኝ ጀመር። «አባቷ፣ ከኋላ ያለው ጥርስ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ ባዶው ይጋደማል። ከሥር የሚመጣው ሰባት ሚሊ ይፈልጋል፤ ያንን ካጣ ጠማማ ይበቅላል። ቦታውን የሚይዝ ሽቦ እናድርግላት» አለችኝ። ለሌለ ጥርስ ዘበኛ ልትቀጥሪልኝ ነው ብያት ሳቅሁ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ አላማረኝም። የራሷ ጥርስ በማስመሪያ የተሰመረ ነው። ዕቃዋን በአፏ ይዛ የምታሻሽጥ ነጋዴ መሰለችኝና ልጄን ይዤ ወጣሁ።

እኔ የማምነው ስለካ ነው፣ ታውቂኛለሽ። የጣውላ ውፍረት የምለካበትን ካሊፐር በአልኮል ጠርጌ በየወሩ አፏን አስከፍታለሁ። «አባዬ፣ እኔ መሳቢያ ነኝ እንዴ?» ትለኛለች። ክፍተቱ መጀመሪያ ዘጠኝ ሚሊ ነበር። በወሩ ስምንት ተኩል ሆነ፤ አፏን በደንብ ስላልከፈተች ነው አልኩ። በሚቀጥለው ስምንት። ያኔ ካሊፐሩን ጠረጠርኩ፤ ልኩን በማውቀው ጣውላ ብፈትነው ምንም አላጎደለም። ዛሬ ጠዋት ሰባት ተኩል።

ሳልጠረጥረው የቀረሁት ሰው ራሴን ብቻ ነው። አንቺም ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ የምትሸፍኚው ለምን እንደሆነ ጠይቄሽ አላውቅም። ያንቺንም በክር የጎተተው አባታችን ነው። የትንሹን ልጅሽን ጥርስ ክር አታስነኪው፤ ሳይነቃነቅ አስቀድመሽ አሳዪው።

ሐኪሟን አሁንም አላምናትም። ሽቦውን ስታስገባ ካሊፐሬን ይዤ አጠገቧ እቆማለሁ።

ጋሼን፣ ትንሹን፣ ፎቅ ላይ ያለችውን ምራትሽንም ሰላም በይልኝ። ይህን የምጽፈው ከእንጨት ሥራ ቤቴ ነው። የቁም ሣጥን በር ሙጫ ቀብቼ ላጣብቅ ስል ሐኪሟ በአሥራ አንድ እንደምትዘጋ ትዝ አለኝ። ልጅቷ ጫማዋን አስራ በር ላይ ቆማለች። ባለ ሣጥኑ ደንበኛዬ «ሙጫው ይደርቃል እኮ» ይለኛል። ይድረቅ ብዬዋለሁ። ሄድኩ።