ከስድስታችን ማን ይውጣ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከምሳ በኋላ

አሁንም ስታቲስቲክስ። አሁንም ስድስታችን ከላይብረሪው ጀርባ። አይ፣ አምስታችን። ዘምዘም የለችም። ግማሹን ጥያቄ ከጨረስን በኋላ መጣችና ክንዷን ተንተርሳ ጠረጴዛው ላይ ተኛች።

የመጀመሪያው ፈተና ተመለሰ። ከ20። እኔ 19። ሌሎቹ 16፣ 14፣ 13፣ 12። ዘምዘም 4። አራት! ቲቸር ተሾመ፣ የት/ክፍሉ ኃላፊም እሱ ነው፣ ገብቶ አዲስ ነገር ነገረን። አንድ ለአምስት ስለተደራጀን ከእንግዲህ የእያንዳንዱ ማርክ ግማሹ የራሱ፣ ግማሹ የቡድኑ አማካይ ነው። ጠንካራው ደካማውን ይጎትታል አለ። የቡድን መሪዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ደምሬ ለስድስት አካፈልኩ። 13። የኔ 19 ከ13 ጋር ተደምሮ ለሁለት፦ 16።

ገባሽ ደብተሬ? ለፍቼ ያገኘሁትን ሦስት ማርክ ዘምዘም ተኝታ በላችው። በኮሌጁ ወጪ ለዲግሪ የሚላከው ከክፍሉ አንደኛ የወጣ ብቻ ነው። አንድ ሰው። እናቴ ከየት አምጥታ ትከፍልልኛለች? አንደኛ ካልወጣሁ ፋብሪካ በር ላይ የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ መዋሌ ነው።

አማካይ የሚባለውን ነገር የፈጠረውን ሰው ባገኘው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። 10፡00 ሰዓት

የቡድን ግምገማ ነበር። ቲቸር ተሾመ ራሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እያንዳንዱ የራሱን ድክመት ያወጣል፣ ከዚያ ሌላው ይጨምርበታል። ዘምዘም በተራዋ እተኛለሁ አለች። ሳቀች። ሁሉም ሳቀ። አለፈ።

የኔ ተራ ሲደርስ እጅ በእጅ ላይ ወጣ። ካልኩሌተሯን አታውስም። እውነት ነው፣ አላውስም። ባለፈው የተዋሰኝ ልጅ የሰባትን ቁልፍ ነቅሎ ነው የመለሰልኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ ምን ተብሎ ቢጻፍ ጥሩ ነው? የኪራይ ሰብሳቢነት ዝንባሌ! በካልኩሌተር! ሰባት መጻፍ በማይችል ካልኩሌተር ምን ዓይነት ኪራይ እንደሚሰበሰብ የሚያስረዳኝ አጣሁ።

መታረሚያዬም ተወሰነ፦ እሑድ ዘምዘም ዘንድ ሄጄ ላስጠናት። እሺ አልኩ፣ ጥርሴን ነክሼ።

እሑድ፣ ኅዳር 14። ቤት እንደገባሁ

የዘምዘም አባት ሱቅ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ፊት ለፊት ነው። ሳሙና፣ ብስኩት፣ ሶፍት። ዋናው ሥራ ግን ስልክ ማስቀመጥ ነው። ጠያቂ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይቀበላል፣ ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። መሃለኛውን ቁጥር፣ ሚዲያን የሚሉትን፣ ላስረዳት ስጀምር መሳቢያው ጮኸ። ቁጥሮቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪያቸው፣ መሃል ላይ የሚቆመው ነው ስላት ሌላው ጮኸ። ከዚያ ሦስቱ ባንድ ጊዜ፤ አንዱ መዝሙር፣ አንዱ መንዙማ፣ አንዱ ምን እንደሆነ እንጃ። እኔም ጮህኩባት። እሷ ሳቀች።

አባቷ ጋሽ ከድር እግራቸውን ዘርግተው በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ስኳር ነው፤ ቁስሉ አላስቆም ብሏቸዋል። "ልጄ፣ አትቆጫት፤ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እንደቆመች ነው" አሉኝ። ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ጠያቂ ሳይነጋ ይሰለፋል። ሱቁን በየቀኑ የምትከፍተው እሷ ናት፣ ክፍል የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ለስላሳ ከፈቱልኝ። ሒሳብ ብላቸው ተቆጡ።

ታክሲ ውስጥ ተቃጠልኩ። እስከ ዛሬ በሷ መናደድ ይቀለኝ ነበር። አሁን በማን ልናደድ? በስኳር በሽታ?

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2። 9፡00 ሰዓት

ሁለተኛው ፈተና፦ እኔ ያው 19፣ ሌሎቹ 16፣ 15፣ 15፣ 14፣ ዘምዘም 7። እሑድ እሑድ ቃሊቲ ተመላልሼ፣ ሰባት።

ፕሮጀክት ተሰጠን። አንድ ለአምስት ውጤት አሻሽሏል ወይ? በሃይፖተሲስ ቴስት ይረጋገጥ። የአምና ተማሪዎች አማካይ 13 ነበር ተባልን። ናል ሃይፖተሲስ የሚባለው መነሻ ግምት፦ ምንም ለውጥ የለም፣ እኛም ያው ነን። ሠራሁ። የኛ አማካይ 14.33። ለውጡን የሚለካው፣ ቲ የሚባለው ቁጥር፣ 0.82። ሰንጠረዡ የሚፈልገው ከ2.015 በላይ። የት ደርሰን! ግምቱን መጣል አይቻልም፤ ተሻሽለናል ለማለት አይበቃም።

ቲቸር ተሾመ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። ከበላይ ሰዎች ይመጣሉ፣ የኛ ቡድን ሞዴል ተብሎ ሊቀርብ ነው። እርሳስ አነሳና 7ን ሰረዘ። አሁን ሥሪው አለኝ። ሠራሁ። አማካይ 15.8፣ ቲ 3.25። ግምቱ ተጣለ። አየሽ? አለኝ፣ ተአምር እንዳሳየ ሰው። ከዚያ ቅጽ ሰጠኝ፦ ከቡድን የተቀነሰ ተማሪ፤ በቡድን መሪ የሚሞላ። የተቀነሰ ሰው ኮርሱን የሚደግመው በዓመቱ ነው። ዘምዘም ደግሞ ዛሬ ከወጣች በዓመቱ አትመጣም፣ ሱቁ ውጦ ያስቀራታል።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰለሽ? እሷ ስትወጣ የኔ ማርክ 17.4 ይሆናል። አንደኛ ነኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4። ከቃሊቲ መልስ

ጠዋት አንድ ነገር ታየኝ፤ ቀድሜ ባለማየቴ በራሴ ተናደድኩ። የአምና ሰዎች ከኛ ጋር ምን አገናኛቸው? እያንዳንዱ መወዳደር ያለበት ከራሱ ጋር ነው፣ በፊት ካገኘው ጋር። የስድስታችን ጭማሪ፦ 0፣ 0፣ 1፣ 2፣ 2፣ 3። ሦስቱ የማን ነው? የዘምዘም! ከሁላችን ይበልጥ የጨመረችው እሷ ናት። አማካይ ጭማሪ 1.33፣ ቲ 2.7። ግምቱ ይጣላል፣ ማንም ሳይወጣ።

ለቲቸር ተሾመ ሮጬ ወሰድኩለት። ወረቀቱን እንኳ አላገላበጠም። የወረደው መመሪያ ከአምና ጋር አወዳድሩ ይላል፣ አለቀ። ሰኞ ጠዋት ፈርመሽ አምጪ አለኝ።

ሱቁ ሄጄ ለዘምዘም ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። "ፈርሚ ትርሲትዬ፣ አንቺ እንኳን ዲግሪሽን ያዢ፤ እኔ ሱቅ አለኝ" አለችኝ፣ ለአንዱ ሰውዬ ስልኩን እያቀበለች። ልመታት ነበር። እውነቴን ነው፣ እጄ ተነስቷል። ከሁላችን በላይ የጨመርሽው አንቺ ነሽ እኮ፣ ደደብ! ብዬ ጮህኩ። ጠያቂው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዘምዘም ለመጀመሪያ ጊዜ አልሳቀችም።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 6። ጠዋት 1፡30

ቅጹ ፊቴ ነው። ጽንፍ ላይ ያለ ቁጥር አማካይን ያዛባል፣ ያለው ቲቸር ተሾመ ራሱ ነው፣ 7ን ሲሰርዝ። እሺ። የታችኛው ጽንፍ የሚወጣ ከሆነ የላይኛውስ? 19ን ሰረዝኩ። የቀረው 16፣ 15፣ 15፣ 14፣ 7። አማካይ 13.4፤ የአምናው 13 ነበር። በል እንግዲህ ቲቸር ተሾመ፣ በሞዴል ቡድንህ ተመካ!

ደግሞ ጭማሪዬ ዜሮ ነው። ቡድኑ ለኔ ምንም አልጨመረልኝም። የግድ ሰው ይውጣ ከተባለ እሷን ማስወጣት ምን የሚሉት ስሌት ነው?

"የተቀነሰ ተማሪ" በሚለው መስመር ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ። ትርሲት፣ እስከ አያቴ። ፈረምኩ። በቆራጥነት ነው ብዬ አልዋሽሽም፣ በንዴት ነው። ዲግሪውን አሁንም እፈልገዋለሁ። ግን ቲቸር ተሾመ ይምረጥ፤ ወይ ስድስታችንንም ያቅርብ፣ ወይ ያለ 19 ይቅረብ።

ቢሮው ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል። እናቴ ገና አታውቅም።