የደሳለ ሁለተኛ ዓይን

ሐናን፣

ሰዓሊው ደሳለ ዛሬ ጠዋት የገዛ ምስሉን አንድ ዓይን ቀብቶ አጠፋው። የምጽፍልሽ ከገነተ ማርያም፣ ከቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ነው። ለአዲስ አበባ ዐውደ ርእይ ራሱን ሥሎ እንዲልክ ተጠይቋል። ዕድሜውን ሙሉ ግን በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደንብ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ኃጢአተኛውን በጎን በአንድ ዓይን ሲሥል ነው የኖረው።

"ሁለት ባደርግ ትዕቢት፣ አንድ ባደርግ ኩነኔ" ይላል።

"አንዱን ጨፍነህ ተሣላ!" አለችው ባለቤቱ ገለቴ።

"ጥቅሻ ለቤተ ክርስቲያን ሰው?"

"እኔን ስትጠቅሰኝስ የማን ሰው ነበርክ?"

እኛ ከተሜዎቹ ፎቶ ስንነሳ የሚያምረውን ጎናችንን እንመርጣለን፤ እዚህ ጎን ራሱ ፍርድ ነው። በምጽፍበት ጋዜጣ ከስሜ አጠገብ ያለውን የጎን ፎቶዬን አላሳየሁትም።

በመጨረሻ የነፍስ አባቱን መምሬ ቃለሕይወትን አስጠራና፣ "እርስዎ ያውቁኛል፤ ስንት ዓይን ይገባኛል?" አላቸው። ሸራውን ብዙ አዩት።

"ሃያ ዓመት ንስሐህን ሰምቻለሁ" አሉ። "እስቲ ላስብበት።"

ቦታ አለቀብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ፣ ለቢሮው ሰው ሁሉ ሰላም በይልኝ። ሥዕሉን የሚወስደው መኪና ሰኞ ይመጣል። መምሬ የሚወስኑት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው።

ንጋት