ለእርከኑ የተከፈተው የእድር ጎተራ፦ የአቶ ገብረአማኑኤል ኃይለ ገብርኤል የሕይወት ታሪክ

አቶ ገብረአማኑኤል ከአባታቸው ከመሪጌታ ኃይለ ገብርኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተሐና ዘርአ ዳዊት በ1921 ዓ.ም. በአንኮበር፣ ከጎረቤላ በታች ባለው ዳገት ላይ ተወለዱ። በአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ትምህርቱ አልገፋም፤ እጃቸው ወደ ድንጋይ አደላ። በ1940 ወደ ደብረ ብርሃን ሄደው በመንገድ ሥራ ስድስት ዓመት ሲቆዩ ድንጋይ ያለ ጭቃ መካብ ተማሩ። በ1947 ወይዘሮ አመተ ማርያም ወልደተንሣኤን በተክሊል አግብተው ሁለት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች አፈሩ። በ1968 ሰፈሩ የእድር ዳኛ አድርጎ መረጣቸው።

በ1976 ክረምቱ ከዳ። በ1977 በልግ ደግሞ የአንድ ቀን ዶፍ የዳገቱን አፈር ገፎ የሰፈሩን ምንጭ ደፈነው። ዳገቱ በእርከን ካልታሰረ መጪው ክረምት ማሳውንም ይዞ እንደሚወርድ ሁሉም አየ። የልማት ሠራተኞች ለእርከን ሥራ ስንዴ ይሰጡ ነበር፤ ስንዴው የሚመጣው ግን ሥራው አልቆ ከተለካ በኋላ ነው። የተራበ ሰው ደግሞ ድንጋይ አያነሳም።

አቶ ገብረአማኑኤል ለቀብርና ለተዝካር የተቀመጠው የእድሩ ገብስና ባቄላ ለሠራተኛው ስንቅ ይሁን፣ ስንዴው ሲመጣ ይተካል አሉ። የእድሩ ሽማግሌ አቶ ገብረአብ፣ «ዳኛ፣ እስከዚያ የሞተ ሰው በምን ይሸኛል?» አሏቸው።

«እስከዚያ አንሞትም» ብለው ጎተራውን በእጃቸው ከፈቱ።

ይህን ቃል ካወጡ በኋላ ዕረፍት አላገኙም። በየማለዳው የሽማግሌዎችን ደጅ እየዞሩ እንዴት አደራችሁ ይሉ ነበር። ሰው ሲያስል ጆሯቸው ይቆማል። አቶ ገብረአብ፣ «ዳኛችን የሚጠይቁት እኛን አይደለም፣ ጎተራውን ነው» እያሉ ሰውን ያስቁ ነበር። እርሳቸው አይስቁም። ሰማዩን ያያሉ፣ የቀረውን ካብ ያያሉ፣ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ።

ግንቦት 24 ቀን፣ እርከኑ ሊለካ ስድስት ቀን ሲቀረው፣ እናታቸው ወይዘሮ ወለተሐና አረፉ። ጎተራው ባዶ ነበር። ከቆላው፣ ከአልዩ አምባ፣ አቶ ፈረጅ የተባሉ ገበሬ አንድ አህያ ጭነት ማሽላ ይዘው ወጡ። «ጎርፉ የሚወርደው እኛ ላይ ነው፤ ካቡ የእኛም ነው» ብለው አራገፉ። ቀባሪው የዚያን ማሽላ ንፍሮ ቀምሶ ተበተነ። በማግስቱ አቶ ገብረአማኑኤል ጥቁር ለብሰው ካቡ ላይ ተገኙ።

ስንዴው ሰኔ መጨረሻ መጣ። ከሁሉ አስቀድመው የእድሩን ጎተራ ሞሉ። የእናታቸው አርባ ሲደርስ አቶ ገብረአብ ራሳቸው መጥተው ተዝካሩ ይውጣ አሉ። እርሳቸው ግን፣ «ክረምቱ ገና ነው፤ ማን እንደሚከተል አይታወቅም» ብለው እህሉን አልነኩም። እርከኑ ያን ክረምት ቻለ። ምንጩም ተከፍቶ እስከ ዛሬ ይፈሳል። የእናታቸው ተዝካር ግን ሳይወጣ ቀረ፤ ይህም ከልባቸው አልወጣም።

ከ1980 ጀምሮ በደረት ሕመም ተይዘው ደብረ ብርሃን ሲታከሙ ቆዩ። ተኝተው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነበር፤ ካቡ እንዳልተናደና ጎተራው እንዳልጎደለ። ጥር 18 ቀን 1981 ዓ.ም. በስልሳ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ አምስት ልጆቻቸውና ዐሥራ አንድ የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ላይ ናቸው።

ጎተራው ሙሉ ነው። አቶ ገብረአብና እድሩ እንደወሰኑት፣ የአርባው ተዝካር በሁለት ስም ይጠራል፤ መጀመሪያ በወለተሐና፣ ቀጥሎ በገብረአማኑኤል። እግዚአብሔር የእናትንና የልጅን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ በአንድነት ያሳርፍ።