በበርጫ ሰዓት የተጠራ ግጥሚያ

ለተከበሩት የባለቤቴ ወንድም ዐብዱናስር፣ ጅቡቲ።

አሰላሙ ዓለይኩም። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ የእርስዎን ደህንነት አላህ ያሰማን።

ወንድምዎ ዐብዱልወሃብ የሚያዘጋጀው የቦክስ ግጥሚያ ተመልካች አጥቷል፤ ልፋት ብቻ ሆኗል። ማታ ሰዓት እላፊ ነው፤ ከሰዓት ደግሞ ሐረር በሙሉ በርጫ ላይ ነው፣ ጫቱን ጥሎ ቡጢ ሊያይ የሚነሳ የለም። ገቢ ሲጠፋ ቦክሰኞቹም መቅረት ጀመሩ። ባለፈው እሑድ አንዱ ሲቀርበት «ስሜ ከሚጠፋ» ብሎ በዚህ ዕድሜው ራሱ ጓንት አጠለቀ። አሸንፏል አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ያበዛል፤ ሻዩንም ከብርጭቆው ጎን ይቀዳዋል። ድካም ይሆናል።

አሁን አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ወንድሜን ሰላም በይልኝ፤ የእናታችንንም እጅ ይሳምልኝ» ይላል። እሳቸውን አምና መቃብር ያወረዳችሁት ሁለታችሁ ናችሁ። እንዳለኝ ጻፍኩት።

ዱዓዎ አይለየን።
ጃሚላ